ሚሽሊን ኤክስዜድኤል 14.00አር20፦ ንፋሱን ለሚያውቅበት ሾፌር

አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን የከባድ መኪና ጎማ ባይገዛ ይሻለዋል። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ በመሆኑ ፍጥነት ሲጨምር ይጮኻል፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከተራ የመንገድ ጎማ የበለጠ ይንሸራተታል። ዋጋውም ውድ ነው። ገንዘቡን የሚመልሰው አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ያውም ሾፌሩ ወርዶ ንፋስ ሲቀንስ ነው።

ጎኑ ላይ ያለው 164/160 አንዱ ጎማ ነጠላ ሲታሰር 5000 ኪሎ፣ መንታ ሲታሰር 4500 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የንፋሱ ከፍተኛ ልክም የተሰላው ለዚያ ሙሉ ጭነት ነው። ትልቁ ስህተት ያንን ልክ ለማንኛውም ጭነት መሙላት ነው። ነዳጅና ውሃ ሞልቶ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ማስመዘን፣ ለሁለት አካፍሎ የፋብሪካውን ሰንጠረዥ ማየት ይገባል። አንዱ ጎን ከከበደ ሁለቱም በከበደው ልክ ይሞላሉ።

በአንድ ጎማ 3500 ኪሎ ገደማ ለሚያርፍበት ባለነጠላ ጎማ መኪና መነሻው ይህን ይመስላል፤ ሰንጠረዡ የተለየ ካለ ሰንጠረዡ ይቅደም። ለአስፋልት ከ5 እስከ 5.5 ባር (ከ73 እስከ 80 ፒኤስአይ ገደማ)። ለፒስታ (አስፋልት ላልሆነ መንገድ) 4 ባር፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳያልፉ። ለአሸዋ 2.5 ባር፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር። አሸዋ ውስጥ ተይዞ ለመውጣት ብቻ 1.8 ባር፤ ያኔ ፍጥነቱ የእግር ጉዞ ያህል ይሁን፣ መሪም በኃይል አይጠምዘዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው በዋናነት የሚረዝመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ አሸዋውን ሳይቆፍር በላዩ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

አፋር ውስጥ አሸዋና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲፈራረቅ ግን ይጠንቀቁ። በ2.5 ባር የጎማው ጎን ወደ ውጭ ያብጣል፣ ስለታማው ድንጋይም ጎኑን ይቀድደዋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በጎሚስታ አይድንም። ድንጋዩ ከመጀመሩ በፊት ወደ 3.5 ባር መመለስ ያዋጣል።

ሙቀትና ከፍታም ልኩን ያዛባሉ። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት በ15 ዲግሪ 5.5 ባር የተሞላ ጎማ፣ ዳሎል አካባቢ በ40 ዲግሪ ቆሞ ሲለካ 5.8 ገደማ ያሳያል፤ ሙቀቱ ግማሽ ባር ያህል ሲጨምር የቦታው ዝቅታ ሩብ ባር ያህል ይመልሳል። ይህ ጉዳት የለውም። በመንዳት የጋለ ጎማ ጨምሮ ስለታየ ብቻ ማስተንፈስ ግን ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ያስቀረዋል። አስፋልቱ አልቆ ለፒስታ ሲቀነስ ጎማው ግሎ ስለሚሆን ከታሰበው 10 በመቶ ከፍ አድርጎ ማቆም፣ በማግስቱ ጠዋት ማስተካከል ነው።

መቀነሱ ቀላል፣ መሙላቱ ከባድ ነው። አንዱ ጎማ 250 ሊትር ያህል ይይዛል፤ አራቱን ከ2.5 ወደ 5 ባር ለመመለስ 2500 ሊትር አየር ያስፈልጋል። በደቂቃ 70 ሊትር የሚሰጥ የባትሪ ኮምፕሬሰር ሳያርፍ 36 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እንዳይቃጠል እያረፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። የመኪናው የፍሬን ኮምፕሬሰር ይሻላል። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች አየር ማድረቂያው ላይ የጎማ መሙያ ቀዳዳ አላቸው። ቱቦው ተሰክቶ አየር ካልመጣ ታንከሩ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ መግፋት አቁሟል ማለት ነው፤ ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ ያስነሳዋል። ሳይሞሉ ወደ አስፋልት መውጣትና በ80 መንዳት ጎማውን ከውስጥ አቃጥሎ ያፈነዳዋል።

ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ከሆነ በዝቅተኛ ንፋስ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተሽከረከረ የቫልቩን አንገት ይበጥሳል። በቸርኬውና በጎማው ላይ በኖራ አንድ መስመር ይሰመር፤ መስመሩ ከተላለፈ ንፋሱ በዝቷል ማለት ሳይሆን አንሷል። ቸርኬው ባለቀለበት (ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለው) ከሆነ ሲሞላ ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም፣ በሰንሰለትም ይታሰር። በትክክል ያልገባ ቀለበት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

የሲኖትራክ ሾፌሮች እነዚህን የአሸዋ ቁጥሮች ለኋላው መንታ 12.00አር20 እንዳይገለብጡ፤ ንፋስ ሲያንስ የሁለቱ ጎማዎች ጎን እየተፋተገ ይግላል።

ከወታደር መኪና የወረደ አሮጌ ሲቀርብልዎ ጎኑ ላይ DOT ብሎ የሚጀምረውን ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 (በአውሮፓውያን) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አይግዙት።