«ኦሪጅናል» የስኮትላንድ ቫዮሊን ሸክላ ሊሸጥላችሁ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ሸክላ ለምትሰበስቡ፣ በተለይ ዩኬ ላላችሁ። ሰሞኑን ኦንላይን ላይ የሚዞር የስኮትላንድ ባህላዊ ቫዮሊን ሸክላ አለ። አትግዙት። እኔ ገዝቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ መልሼ ልኬዋለሁ።

ሻጩ የለጠፈው እንዲህ ይላል፦ የጄምስ ስኮት ስኪነር፣ የመጀመሪያ ህትመት ኤልፒ፣ ስቴሪዮ፣ በቀጥታ ከማስተር ቴፕ። ዋጋ 48 ፓውንድ።

ስኪነር ማን ነው ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 አበርዲን አቅራቢያ ባንኮሪ የተወለደ፣ «የስትራዝስፔይ ንጉሥ» የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ስትራዝስፔይ የስኮትላንድ የጭፈራ ዜማ ዓይነት ነው። ያረፈው በ1927 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ። ኤልፒ፣ ማለትም ረጅም ጊዜ የሚጫወተው ሸክላ፣ ገበያ የወጣው በ1948 ነው። ስቴሪዮ ኤልፒ የመጣው ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ። ማስተር ቴፕ የሚባል፣ ዋናው ቅጂ የሚቀመጥበት ክርም በስኪነር ዘመን ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም። ሰውዬው መጀመሪያ በሰም ሲሊንደር፣ ኋላ በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ነው የተቀዳው። ማይክሮፎን እንኳ የለም፤ ድምፅ የሚሰበስብ ትልቅ ቀፎ ፊት ቆሞ ነበር የሚጫወተው። ታዲያ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በመጣ ነገር «የመጀመሪያ ህትመት» ማለት ነጭ ውሸት ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ድሮ የተቀዳን ሙዚቃ በኤልፒ ማውጣት ነውር አይደለም። የእነዚህ ቅጂዎች የባለቤትነት ጊዜ ስላለፈ ማንም ሊያትማቸው ይችላል። የለንደኑ ቶፒክ ሬኮርድስ በ1970ዎቹ የስኪነርን ድሮ ቅጂዎች በኤልፒ አውጥቶ ነበር፤ «ከድሮ የተገለበጠ ነው» ብሎ፣ በሐቅ። እኔን ያናደደኝ ትናንት የታተመን ነገር የሙዚየም ዕቃ አስመስሎ መሸጡ ነው።

ሸክላው ሲመጣ ሽፋኑ ጀርባ፣ ታች ጥግ ላይ፣ የዋጋ ስቲከር ተለጥፎበታል። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ ያንን ጥግ ሻጩ በአውራ ጣቱ ነው የያዘው። ስቲከሩን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ሳነሳው ከስር ባርኮድ ወጣ። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1974 አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ያውም በማስቲካ ፓኬት ላይ። መሃል ላይ ያለው ሌብልም ከድሮ ሌብል ስካን ተደርጎ የታተመ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊደሎቹ ጠርዛቸው ተበታትኗል።

ድምፁንማ ተዉት። ጩኸቱን እናጽዳ ብለው ቫዮሊኑን አብረው አጽድተውታል፤ ውሃ ውስጥ የገባ ማሲንቆ ነው የሚመስለው። ስትራዝስፔይ ውበቱ አጭሩ ድምፅ ቀድሞ ረጅሙ ከች የሚልበት፣ «ስናፕ» የሚሉት ምት ላይ ነው። እሱ የሚሰማው ቀስቱ ክሩን ሲነክስ ነው። እዚህ ላይ ንክሻው የለም። ስቴሪዮ የተባለውም አንዱን ድምፅ በግራና በቀኝ ከፋፍለው፣ ትንሽ ማስተጋቢያ ጨምረውበት ነው።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካያችሁ አንድ ፎቶ ጠይቁ። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ወደ ሌብሉ የሚሄድበት ለስላሳ ቀለበት አለ አይደል? እዚያ ላይ የህትመት ቁጥር ተጭሮ ወይም ታትሞ ይገኛል። ያንን በብርሃን አጋድሎ ፎቶ ያንሳላችሁ። ከዚያ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ካሉ የሸክላ ዝርዝሮች ጋር አስተያዩት። እውነተኛ ሻጭ በሁለት ደቂቃ ይልክላችኋል። የኔው ሰውዬ «ካሜራዬ አያነሳውም» ነበር ያለው፤ ሽፋኑን ግን አምስት ፎቶ አንስቶታል! በደረጃም አይሸውዷችሁ። «ጂ» (ጉድ፣ «ጥሩ» ለማለት) ተብሎ የተጻፈ ሸክላ በሰብሳቢዎች ሚዛን ከታች ነው፤ መንጫጫቱን ችላችሁ ነው የምትሰሙት።

ክፍያ ላይ ደግሞ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን በፔይፓል ለጓደኛ እንደሚላከው ላክልኝ» ይላል። እምቢ በሉ። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። እኔ በመደበኛው የዕቃ ክፍያ ስለከፈልኩ ነው የተመለሰልኝ፣ ያውም ከብዙ ንዝንዝ በኋላ። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ኦንላይን የገዛችሁትን ዕቃ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ «ሰርዣለሁ» ማለት እንደምትችሉም እወቁ። ግለሰብ ከሆነ ይህ መብት የለም፤ ዕቃው ግን ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት።

የኛ ሰው ይህን ሙዚቃ ለምን እንደሚወደው አይጠፋኝም። በአምስት ድምፅ የሚሄድ የስኮትላንድ ዜማ ብዙ ነው፣ ትዝታ ሜጀር የሚቆምባቸው አምስቱ ድምፆች ላይ የሚቆምም ሞልቷል። ግን ለዚህ 48 ፓውንድ አያስፈልግም። አበርዲን ዩኒቨርሲቲ የስኪነርን የእጅ ጽሑፎችና ቅጂዎች ኦንላይን በነፃ አስቀምጧል። ሸክላው ራሱ ካማራችሁ ደግሞ ኤድንብራም ሆነ ግላስጎው የበጎ አድራጎት ሱቆች ውስጥ የ1970ዎቹ የቫዮሊን ኤልፒዎች በጥቂት ፓውንድ ይገኛሉ፤ እያያችሁ፣ እየዳሰሳችሁ ትገዛላችሁ።

ማስታወቂያው አሁንም አልወረደም። ከቅሬታዬ በኋላ «ስቴሪዮ» የምትለዋን አውጥቶ «ሞኖ» ብሏል። «የመጀመሪያ ህትመት» የሚለው ግን እዚያው አለ፤ አውራ ጣቱም እንደዚያው።