ቀዩ ወይስ እንጨቱ? ሰንጢ መሰብሰብ ለምትጀምሩ

መጀመሪያ የገዛሁት «የስዊዝ» ሰንጢ ስዊዘርላንድን በካርታም አያውቃት። ከስድስት ዓመት በፊት መርካቶ፣ ከአንድ ሱቅ በደረቴ፣ 450 ብር። ልጁ 700 ብሎ ጀመረ፤ እኔም ክርክር እችላለሁ ብዬ 250 አስቀነስኩት። ቀይ ነው፣ ነጭ መስቀል አለው፣ ሁሉም ነገሩ ሲዘረጋ ጃርት ይመስላል። ቤት ገብቼ ብርቱካን ልልጥበት ስል ስለቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በሳምንቱ መቀሱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መስቀሉን በጥፍሬ ነካ ባደርገው ተላጠ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ጥቂት ብጨምርበት እኮ ትንሹን ኦሪጅናል ይገዛልኝ ነበር። ገንዘቡ ዛሬ ለአንድ ደህና ምሳ አይበቃም፤ እኔን ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ 17 ሰንጢ አለ። እናቴ መጀመሪያ ስታያቸው «ምነው ልጄ፣ ምን አጣህና ነው ዱርዬ የሆንከው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ጨለማ ጥግ የቆመ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ በጨርቅ የሚወለውለው፣ ዘይት የሚቀባው፣ ለጓደኛው «እስቲ ድምፁን ስማው» እያለ የሚያሳየው ሰው አይታሰብም። አሁን ግን እሷም ሎሚ ልትቆርጥ ስትል «ያቺን እንጨቷን አምጣት» ትለኛለች። እንጨቷ የምትላት ኦፒኔሏን ነው፤ እጀታዋ እንጨት የሆነውን የፈረንሳይ ሰንጢ።

ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው፤ «መሰብሰብ ልጀምር ነው፣ ቪክቶሪኖክስ ይሻላል ኦፒኔል?» ቪክቶሪኖክስ ኦሪጅናሉ ቀይ የስዊዝ ሰንጢ ነው። መልሴን አላንዛዛውም። ኦፒኔል፣ ቁጥር 8፣ ካርቦኑን (ቁጥሩ መጠኑ ነው፤ ካርቦን የሚዝገው ዓይነት ብረት ነው)። ሚዛናዊ ንጽጽር የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ እኔ ወገን ይዣለሁ።

ዋጋውን እንይ። የአክስቴ ልጅ ሊዮን ነው የምትኖረው። ቁጥር 8ን በ13 ዩሮ ገዝታ አመጣችልኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ሱፐርማርኬት ሳይቀር ይሸጠዋል፤ ልዩ ሱቅ ፍለጋ መንከራተት የለም። ከዙሪክ የመጣ የሰፈሬ ልጅ ደግሞ ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን አመጣልኝ፤ 32 ፍራንክ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በአንዱ ስዊዝ ሁለት ኦፒኔል ይመጣል፣ ከዚያም የቡና ይተርፋል። ወደ ብር ስትቀይሩት ልዩነቱ ይበልጥ ያማል፤ የዕለቱን ምንዛሪ አይታችሁ ራሳችሁ አስሉት፣ እኔ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይለወጣል። ሌላም ዋጋ አለ፤ ይሉኝታ። ሰው ሻንጣ ላይ ቦታ መለመን ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ አንዳቸውም ከ60 ግራም ብዙ አይዘሉም፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልለው ይመጣሉ። ብቻ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ። እኔ ቁልፍ መያዣዬ ላይ የነበረችውን ትንሿን ቀይ ረስቼ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ አስረክቤያታለሁ። ፈታሹ ሳጥኑን ሲከፍተው እንደሷ ዓይነት ብዙ አየሁ። ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ አጽናናኝ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ቀዩ ሰንጢ የሚኮረጅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስሙ ውድ ነው፣ መልኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቀይና ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ የትም ይሠራል። ኦሪጅናሉን የምለይበት መጀመሪያ በጆሮዬ ነው። ደህናው ሲዘጋ ሞላው «ቀጭ!» ያደርገዋል፤ ፎርጅዱ እንደ ደከመ በር ይተኛል። ከዚያ ዘግቼ ወደ ብርሃን እይዘዋለሁ። በብረቶቹ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አልገዛም። ሦስተኛው የትልቁ ስለት ሥር ነው፤ ስሙ እዚያ ብረቱ ላይ ተቀርጾ መነበብ አለበት። ሻጩ «ተው አትክፈተው፣ ካርቶኑ ይበላሻል» ካላችሁ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሂዱ።

ኦፒኔል የተሠራው ከጥቂት ነገር ነው፤ እንጨት፣ ስለት፣ አንድ ማያያዣ ሚስማርና ቀለበት። ኦሪጅናሉ ራሱ ርካሽ ስለሆነ አስመሳዩ ብዙ የሚያተርፍበት አይደለም። አስመሳይ የለውም አልልም፤ እኔ እጅ ግን እስካሁን አልገባም። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ተቀርጿል። እጁ የመጣው ኦፒኔሎች ካሉበት አካባቢ ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ ነው። የከተማዋ ካቴድራል የመጥምቁ ዮሐንስ የጣት አፅም አለበት ተብሎ ይታመናል፤ ዘውዱ ደግሞ የአካባቢው፣ የሳቮይ ግዛት መሳፍንት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሰንጢዋን አገላብጣ አየቻት። «ዱርዬ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን በኋላ አልተሰማም።

በነገራችን ላይ ላጊዮል የሚባለውን፣ ወገቡ ቀጠን ያለውን ቆንጆ የፈረንሳይ ሰንጢ በርካሽ ካገኛችሁት እለፉት። ላጊዮል የመንደር ስም እንጂ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም። ለብዙ ዘመን ከዚያ መንደር ርቆ ያለው ሁሉ ስሙን እየጻፈበት ሲሸጥ ኖሯል።

ሁለቱ የአልፕስ ልጆች ታሪካቸው ሳይተዋወቁ አብሮ መሄዱ ያስገርመኛል። ካርል ኤልሰነር በ1884 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስዊዘርላንድ ኢባኽ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ አቀረበ። ጆሴፍ ኦፒኔል ሳቮይ ውስጥ የራሱን ሰንጢ የሠራው በ1890 ነው። በ1897፣ ከአድዋ ድል በዓመቱ ማለት ነው፣ ኤልሰነር ዛሬ የምናውቀውን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። ኦፒኔልም በዚያው ዓመት ሰንጢዎቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጣቸው። በ1909 ኦፒኔል ዘውድ የደፋውን እጅ ምልክቱ ሲያደርግ፣ ኤልሰነር ደግሞ በሞት ለተለየችው እናቱ መታሰቢያ ፋብሪካውን ቪክቶሪያ አለው። «ኢኖክስ» የተጨመረበት በ1921፣ የማይዝገው ብረት ሲመጣ ነው።

ብልሽት ላይ እንድረስ፤ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። ያን የ32 ፍራንክ ስፓርታን የቀለም ጣሳ ልከፍትበት ሞከርኩ። ጫፉ ተሰበረ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው፤ ጣሳ በካቻቢቴ ነው የሚከፈተው፣ ካቻቢቴው ደግሞ እዚያው ሰንጢ ላይ ነበረ! የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ የአሠራርና የብረት ጉድለት ከሆነ። የቀለም ጣሳን ሞኝነት አይሸፍንም። ቢሸፍንም ከአዲስ አበባ መላኪያው ሌላ ሰንጢ ይገዛል። ስለዚህ በሰፈር እየዞረ ቢላ የሚስል ሰው ጋር ወሰድኩት። በኤሌክትሪክ ድንጋዩ ላይ ጫነው፣ ብልጭታው ያምር ነበር፣ ጫፉ ወጣ። ግን ብረቱ ሰማያዊ ሆነ። ብረት እንዲያ ሲግል ጥንካሬው ይሄዳል። አሁን ቲማቲም ላይ ይንሸራተታል። ከዚህ የተረፈኝ ምክር፦ ውድም ይሁን ርካሽ፣ ሰንጢያችሁን የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ አታስነኩት። በእርጥብ ድንጋይ፣ በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ ሳሉት።

የኦፒኔሉ ካርቦን ብረት ሲሳል እንደ ምላጭ ይሆናል፤ ብዙም አይለፋም። ችግሩ ይዝጋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸሻል፤ እኔ ደግሞ የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ቁጥር 8ን ይዤ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ቁርጥ ተቆረጠበት። ቤት ስደርስ ስለቱ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ወጥቶ አየሁ፤ ደመና ይመስላል። ይህ ዝገት አይደለም፤ እንዲያውም ከቀዩ ዝገት ትንሽ ይከላከላል። ሎሚ ሌላ ጥላ ይጥላል፣ ማንጎ ሌላ። በዓመቱ ሰንጢያችሁ የበላችሁትን ሁሉ ይዞ ይገኛል፤ እንደሱ ያለ ሌላ የለም። አዋዜ ግን ጨው አለበት። አዋዜ የነካው ስለት ሳይታጠብና ሳይደርቅ ካደረ ጠዋት ላይ ቀይ ዝገት ነው የሚጠብቃችሁ። ስለቱ የሚገባበትን ስንጥቅም በስቴኪኒ ጥረጉት፤ የሥጋ ፍርፋሪ እዚያ ይደበቃል። ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነባችሁ የማይዝገውን ኦፒኔል ግዙ፤ አልቀየማችሁም።

ሌላው ጣጣው ክረምት ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ስለቱን አፍኖ ይይዛል። ሐምሌ ላይ አንዱን በጥርሴ ልከፍት ሞክሬያለሁ፤ አትሞክሩት። የሳቮይ ሰዎች የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ያደርጉታል፤ ስለቱ ብቅ ይላል። ጭራሽ እንዳያብጥ ደግሞ በፀሐይ በደንብ አድርቁትና የተልባ ዘይት አጠጡት፤ ሁለት ሦስት ቀን እየደጋገማችሁ። ዘይት የነከረውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፣ ራሱ በራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት። እብጠቱ ሲበዛበት ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አድርጉት። 13 ዩሮ ስለሆነ እጅ አይፈራም። በቀዩ ላይ ግን ማን ይደፍራል?

ለምን አንድ አይበቃም? ይህንን ራሴን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ደኒ ዲዴሮ ነው፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ። አዲስ ቀይ ካባ ተሰጠው። ካባው ሲያምር ወንበሩ አስቀያሚ ሆነበት፣ ወንበሩን ቀየረ። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ግድግዳው። ስለዚህ ሲጽፍ ከአሮጌው ካባው ጋር መለያየቱን ይቆጫል። ዛሬ አንዱ ዕቃ ሌላውን እየጎተተ ሲያስገዛን በሱ ስም ይጠራል። አባቱ ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ላንግር ከተማ ውስጥ ቢላ ሠሪ ነበር።

መሰብሰብ ስትጀምሩ ቀዩ የሚያስፈራኝ በዚህ ነው። ቪክቶሪኖክስ በየጊዜው አዲስ ቀለም፣ አዲስ ሥዕል፣ የተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚሠራ እትም ያወጣል። መጨረሻ የለውም፤ ኪሳችሁ ነው የሚያልቀው። የኦፒኔል ክላሲክ ካርቦን ግን አሥር ነው። ቁጥር 1 እና 11 በ1930ዎቹ መሠራታቸው ቆመ፤ ከ2 እስከ 10 እና 12 ቀሩ። ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ስለት እስከ 12። እንደ ወንድማማች በቁመት ይሰለፋሉ። መሃል አንዱ ሲጎድል እንቅልፍ ይነሳል፤ ሲሞላ ደግሞ ነገሩ ያልቃል። ቢያንስ ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው።

አንዴ እጅ ከገባ ደግሞ መለየት ይከብዳል። በ1990 የታተመ የዳንኤል ካህነማን፣ የጃክ ኔትሽና የሪቻርድ ቴለር ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ስኒ ሰጡ። ስኒ የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈለጉት እጥፍ ገደማ ሆነ። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ባለፈው ጓደኛዬ ያን የመርካቶ ፎርጅድ በ200 ብር ልግዛህ ሲለኝ እምቢ ብዬው ነበር። መቀስ የለው፣ መስቀል የለው፣ ስለቱ ይወዛወዛል። የኔ ነው ግን።

ቀዩን የምመክራቸው ሰዎች አሉ። አንድ ሰንጢ ብቻ ይዞ ሊኖር ለሚፈልግ፣ መሰብሰብ ላላማረው፣ ስፓርታኑ ይበልጣል። ወረንጦዋ ብቻዋን ስንት እሾህ አውጥታልኛለች፤ ስትጠፋም ወረንጦዋና ስቴኪኒዋ ለየብቻ ይሸጣሉ። ለንደን ያላችሁም ቀዩን ያዙ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ኪስ ውስጥ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍ፣ የስለቱ ጠርዝ ከ7.6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ብቻ ነው። ኦፒኔል ደግሞ ከቁጥር 6 ጀምሮ የሚቆለፍበት ቀለበት አለው፤ ከ1955 ጀምሮ ጣት ከመቆረጥ የሚያድነው ያ ቀለበት እዚያ አገር ፖሊስ ጋ ያስኬዳል። የሌላውን አገር ሕግ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

እኔ ከአሥሩ ስምንቱን ሞልቻለሁ። ቁጥር 4 እና 12 ቀርተዋል። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ እንደምትመጣ ስሰማ ወዲያው ጻፍኩላት፤ ቁጥር 4፣ ካርቦኑን፣ ገንዘቡን ስትመጪ እሰጥሻለሁ። መልሷ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መጣ፦ «ባለፈው ይሄ የመጨረሻው ነው አላልከኝም?»