የሙታኑ ንጉሥ እንደ አባት፦ «ሄዲስ» የተባለው ጌም

የግሪክ አማልክት ያሉበት ጌም ሞልቷል። ሄዲስ ሲመጣ ግን የብዙዎቹ ነገር አንድ ነው። ቀንድ ይበቅልለታል፣ እሳት ይለቀቅበታል፣ መጨረሻ ላይ ተገድሎ ሁሉም እፎይ ይላል። ዲያብሎስን የግሪክ ልብስ አልብሰው ያመጡታል። ሱፐርጃያንት ጌምስ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ትንሽ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2020 አጠናቅቆ ያወጣው «ሄዲስ» እንደዚያ አላደረገም። የምወደውም ለዚህ ነው።

ለማያውቀው ሰው ስለ አምላኩ ትንሽ ልበል። ሄዲስ የክሮኖስና የሪያ ልጅ ነው። ዜውስና ፖሲዶን ወንድሞቹ ናቸው። ሦስቱ አባታቸውን ከዙፋን ካወረዱ በኋላ ዓለምን በዕጣ ተከፋፈሉ፤ ለዜውስ ሰማይ፣ ለፖሲዶን ባሕር፣ ለሄዲስ ከምድር በታች ያለው የሙታን አገር ወጣ። አጥፍቶ አልተጣለም። ዕጣው ነው። ሰው የሚገድለውም እሱ አይደለም፤ ሞት ራሱ ታናቶስ የሚባል ሌላ አምላክ ነው። የሄዲስ ሥራ የመጣውን መቀበልና እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ግሪኮች ይፈሩት ነበር፣ ስሙን ማንሳት ራሱ አይወዱም ነበር፣ መሥዋዕት ሲያቀርቡለትም ጥቁር በግ አርደው ፊታቸውን ያዞራሉ። ክፉ ነው ብለው ግን አይደለም። ጥብቅ ነው፣ ልመና አይሰማም፣ አያዳላም። በቃ።

ጌሙ ላይ የምትጫወቱት ልጁን ዛግሪየስን ሆናችሁ ነው። ዛግሪየስ እናቱን ሳያውቅ ነው ያደገው። ማን እንደሆነች ሲደርስበት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ምድር ሊሄድ ይነሳል። አባትየው አይሆንም ይላል። ከዚያ አገር የሚወጣ የለም፣ የገዛ ልጁም ቢሆን። ታሪኩ ይሄው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ጠብ የሚመነጭ ነው።

ሰይፋችሁን ይዛችሁ ክፍል በክፍል እየተዋጋችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ትሞታላችሁ። ደግሞ ትሞታላችሁ። ሌላ ጌም ላይ መሞት ማለት መሸነፍ ነው፣ ተናዳችሁ ጆይስቲኩን ታስቀምጣላችሁ። እዚህ ግን ዛግሪየስ የሙታን አገር ተወላጅ ነው። ሞቶ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም፤ የሚመለሰው ቤቱ ነው። አዳራሹ ጫፍ ላይ ከሙታን አገር ወንዝ ከስቲክስ የሚሞላ ቀይ ገንዳ አለ፣ ከዚያ ውስጥ ደም በደም ሆኖ ብቅ ይላል። ፊት ለፊቱ የእንቅልፍ አምላክ ሂፕኖስ ዝርዝሩን ይዞ ይጠብቀዋል፤ በምን እንደሞታችሁ አንብቦ ምክር ቢጤ ይሰጣችኋል። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ምን እንደደረሰባችሁ ያውቃሉ፣ አዲስ ነገር ይነግሯችኋል። ስለዚህ መሞታችሁ ታሪኩን ያስኬደዋል እንጂ አያቆመውም። ስለ ሙታን አገር የተሠራ ጌም ላይ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አላየሁም።

አሁን ወደ ሄዲስ ራሱ ልምጣ። አዳራሹ መሃል ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ግዙፍ ነው፤ ልጁ አጠገቡ ሲቆም ሕፃን ይመስላል። ፊቱ ነፍሳት ተሰልፈዋል፣ የቀበሌ ወረፋ በሉት፣ እያንዳንዱ የራሱ አቤቱታ አለው። እሱ ብራና ላይ ብራና እያነሳ ይጽፋል። ልጁ ሞቶ ሲመለስ ተነስቶ አይቀበለውም። አንድ ሁለት መራራ ቃል ይወረውርና ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ቆሜ ያየሁት ይሄንን ነው። ክፋት የለበትም። የደከመው ሰው ነው። ማንም ያልፈለገውን ሥራ ወስዶ፣ ሥራው ሳያልቅለት፣ ወንድሞቹ የአማልክቱ ተራራ ኦሊምፐስ ላይ ሲደሰቱ እሱ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ የሚቆጥር አስተዳዳሪ። በአፈ ታሪኩም ሄዲስ ኦሊምፐስ ላይ አይኖርም፣ ከአገሩ የሚወጣውም እምብዛም ነው። ጌሙ ይሄን ወስዶ የቤት ውስጥ ሐዘን አድርጎታል፤ ፍቅሩን መናገር የማይችል ኮስታራ አባትና ፊት የተነሳ ልጅ። ድምፁን የሰጠው ሎጋን ከኒንግሃም ነው፤ ያ ወፍራም ድምፅ ከንቀቱ ሥር የሆነ ነገር ሲደብቅ ይሰማችኋል።

ጎኑ ላይ ሰርበረስ ተጋድሟል። ባለ ሦስት ራስ፣ ትልቅ ቀይ ውሻ። ጠጋ ብላችሁ ትደባብሱታላችሁ፤ እኔ በየመመለሻዬ ሳልደባብሰው አላልፍም። ይሄው ውሻ ግን የጉዞው መጨረሻ ላይ በር ዘግቶ ታገኙታላችሁ። ሥራው ነውና። ደግነቱ አትዋጉትም፤ የስቲክስ ቤተ መቅደስን ጠባብ መተላለፊያዎች ፈትሻችሁ የሚወደውን የሚበላ ነገር ያለበት ከረጢት ታመጡለታላችሁ፣ ያኔ ይለቃችኋል። በጥንቱ ታሪክም ሰርበረስ የሚታለፈው በማር የተለወሰ ቂጣ ተወርውሮለት ነበር። የጌሙ ሠሪዎች ማንበባቸውን የማውቀው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ታሪኩ ቀድሞ እንዲነገረው የማይፈልግ ይቺን አንቀጽ ይዝለላት። ከበሩ በኋላ በረዶ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ አባትየው ራሱ ነው። ስትዋጉት ድንገት ይሰወራል፣ ከየት እንደሚመታችሁ አታውቁም። ይሄ ዝም ብሎ የጌም ዘዴ አይደለም። ሳይክሎፖች የሚባሉት ባለ አንድ ዓይን ግዙፎች ለዜውስ መብረቅ፣ ለፖሲዶን ባለ ሦስት ጣት ጦሩን፣ ለሄዲስ ደግሞ የሚሰውር የራስ ቁር ነው የሰጡት። ጌሙ ቆሞ አያስረዳችሁም። በረዶውም ቢሆን ምክንያት አለው፤ ልጇ የጠፋባት ዲሜትር፣ የአዝመራዋ አምላክ፣ ምድርን ያቀዘቀዘችበት ሐዘን ነው።

ውጊያው ራሱ እንዴት ነው? አሪፍ ነው። ፈጣን ነው፣ እጅ ላይ ይጣፍጣል። መሣሪያው ስድስት ነው፤ ሰይፍ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ቀስት፣ የእጅ ጓንት፣ አንዱ ደግሞ ጠመንጃ ነገር ነው። በየመንገዱ የኦሊምፐስ አማልክት ስጦታ ይልካሉ፤ ከሦስት አንዱን ትመርጣላችሁ። ዜውስ መብረቅ፣ ፖሲዶን የሚገፋ ማዕበል፣ የወይን ጠጁ አምላክ ዲዮኒሰስ እንደ መጠጥ ቀስ ብሎ የሚገድል ስካር። ለጀማሪ የምመክረው ጋሻውን ይዞ የአምላኳን የአቴናን ስጦታ ፈጥኖ መሸሻው («ዳሽ») ላይ ማድረግ ነው፤ የተወረወረባችሁን መልሶ ይመልስላቸዋል። ከከበዳችሁ «ጎድ ሞድ» የሚባለውን አብሩት። የሚደርስባችሁን ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንስና በሞታችሁ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ እስከ 80 ይደርሳል። ማንም አያፍርበት። ታሪኩን ለማየት የሚመጣ ሰው ጣቱ ቀርፋፋ ስለሆነ መከልከል የለበትም።

ጌሙን ከሌላው የለየው ግን ሰዎቹ ናቸው። ከ20 ሺህ በላይ የንግግር መስመር በድምፅ ተቀርጿል፣ ብዙ ከተጫወታችሁ በኋላም ያልሰማችሁት ይመጣል። ሲሲፈስን ውሰዱ። አለቱን ለዘላለም ሽቅብ እንዲገፋ የተፈረደበት ሰው። እዚህ ድንጋዩን ስም አውጥቶለት ወዳጅ አድርጎታል፣ ፈገግ ብሎ ይቀበላችኋል። የጀግኖች ማረፊያ የሆነው ኢሊዚየም ስትደርሱ ጀግናውን ቴሲየስን ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ ከሆነው ከሚኖታወር ጋር ታገኙታላችሁ፤ ሕይወት እያለ የገደለውን አውሬ፣ ከሞት በኋላ ጓደኛው አድርጎ ጎን ለጎን ይዋጋሉ። የትሮይ ጦርነት ጀግና አኪሊስ የሄዲስን ቤት ይጠብቃል፣ የዛግሪየስ አስተማሪም እሱ ነው፤ የልቡ ወዳጅ ፓትሮክለስ ደግሞ ኢሊዚየም ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ሁለቱም የሙታን አገር ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም አይገናኙም። አንጀት ይበላል።

ከሁሉም የኔ ልብ ያለው ኦርፊየስና ዩሪዲሲ ጋ ነው። በጥንቱ ታሪክ ኦርፊየስ የሞተች ሚስቱን ሊያመጣ ወርዶ ሄዲስን በዘፈን አራርቶት ነበር፤ እስክትወጡ ዞረህ እንዳታያት ተብሎ፣ ዞረ፣ ቀረች። ጌሙ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የሚያሳየው። ኦርፊየስ የሄዲስ ቤት ዘፋኝ ሆኖ አልዘፍንም በማለቱ ታስሯል። ዩሪዲሲ የቀለጠ ድንጋይ ባጥለቀለቀው አስፎዴል ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ ታበስላለች፣ እያበሰለች ትዘፍናለች። ውጊያ ውስጥ ቆይታችሁ ያንን በር ከፍታችሁ ድምፅዋን ስትሰሙ እጃችሁ ራሱ ይቆማል። ሙዚቃውን የሠራው ዳረን ኮርብ ነው፤ ቡዙኪና ባግላማ የሚባሉ ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያስማማል። የዛግሪየስም ድምፅ የሱ ነው።

እንከን አለው። መጀመሪያ መድገሙ። አገሮቹ አራት ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው አይቀየርም፣ የሚጠብቋችሁ አለቆችም ያው ናቸው። አንዴ ማሸነፍ ከጀመራችሁ በኋላ ዋናው ታሪክ እስኪዘጋ ደጋግማችሁ ማሸነፍ ይጠበቅባችኋል፣ እዚያ ላይ እጅ እጅ ይላል። ስክሪኑም አንዳንዴ በብልጭታ ይሞላና ራሳችሁን ታጣላችሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። የዛግሪየስ እናት የፐርሰፎኒ ታሪክ። በጥንቱ ታሪክ ሄዲስ አበባ ስትለቅም ነው የጠለፋት፣ አባቷ ዜውስ ፈቅዶ፣ እናቷ ሳታውቅ። ዲሜትር ልጄን ብላ ምድርን ዞረች፣ እህል አልበቅልም አለ። ፐርሰፎኒም ከሙታን አገር የሮማን ፍሬ ስለቀመሰች ሙሉ በሙሉ መመለስ አልቻለችም፣ ከዓመቱ ሲሶውን ከታች ትቀመጣለች። ጠለፋ ነው፣ የእናት ሐዘን ነው። ጌሙ ይሄን አለስልሶታል፤ ፐርሰፎኒ ኦሊምፐስን ጠልታ የወጣች ትሆናለች፣ ሄዲስም የሚወደድበት መንገድ ይገኝለታል። ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል፣ አባትና ልጁን ለማስታረቅ አመቻቸው። ግን ጠለፋ እስከ ዛሬ የስንቷን ልጅ ሕይወት እንዳበላሸ ለምናውቅ ሰዎች ያ ክፍል ቀላል አይደለም። ፊት ለፊት ቢያዩት ጌሙ ይበልጥ ይጠነክር ነበር።

የዛግሪየስን ጉዳይ ግን በብልሃት ነው የፈቱት። የኦርፊየስ ተከታዮች የሚባሉት ዘንድ ዛግሪየስ የሄዲስ ሳይሆን የዜውስና የፐርሰፎኒ ልጅ ነው፤ ታይታኖች የሚባሉት የቀድሞ አማልክት ቆራርጠውት ዲዮኒሰስ ሆኖ እንደገና ይወለዳል። ጌሙ ላይ ዛግሪየስና ዲዮኒሰስ ተመካክረው ይሄን ታሪክ ፈጥረው ለኦርፊየስ ይነግሩታል፣ እሱም አምኖ ይዘፍነዋል። በጣም ደስ ይላል፣ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው የተቀመጠ ስጦታ ነው።

ስለ መግዛቱ። መደበኛ ዋጋው 25 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅናሽ ሲኖር ይወርዳል። ኮምፒውተር፣ ስዊች፣ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ አለ። ኃይለኛ ማሽን አይጠይቅም፤ 4 ጊጋ ራም ያለው መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃዋል። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይጫወታል። አገር ቤት ላለ ሰው ትልቅ ነገር ደግሞ በየክፍሉ ራሱ ሴቭ ማድረጉ ነው፤ መብራት ቢሄድ ከነበራችሁበት ክፍል መግቢያ ትቀጥላላችሁ። ራስ ምታቱ ክፍያው ነው፤ ብዙ ሰው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው የሚገዛው። አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛው ብዙ ነው፣ ያረጀ ቃልም ይበዛበታል። ወሬውን ሁሉ እየዘለላችሁ ውጊያ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግማሹን ገንዘባችሁን ትጥላላችሁ። ለትንንሽ ልጆችም አልመክረውም፤ ደምም መጠጥም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሁጎ የሚባለውን የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ቪዲዮ ጌም ሆኗል፣ በዚያው ዓመት ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ ተቋም የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትም ወስዷል። ይገባዋል።

ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ተጠናቅቆ ወጥቷል። እዚያ የምትጫወቱት የዛግሪየስን እህት ሜሊኖይን ሆናችሁ ነው፤ አያትየው ክሮኖስ ተነስቶ የሄዲስን ቤት ይዞታል። ብዙ ሰው አዲሱ ይሻላል ብሎ ከሁለተኛው ይጀምራል። አታድርጉት። ያ ቤት በክሮኖስ እጅ ሆኖ ሲታይ ምን እንደጎደለ የሚገባችሁ መጀመሪያ ሄዲስን እዚያ ተቀምጦ ካያችሁት ብቻ ነው።