ከቱርቦ በፊት ኦይል ኩለር፦ ቶዮታ 86 ላይ ከስምንት ወር በኋላ

መኪናው የ2013 ቶዮታ 86 ነው፤ ባለ 2.0 ሊትር ኤፍኤ20 ቦክሰር (ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተኙ) ሞተር። የተገጠመለት ባለ 19 ረድፍ ኦይል ኩለር (የሞተር ዘይት በአየር የሚያበርድ ትንሽ ራዲያተር)፣ ከፊልትሮው ሥር ገብቶ ዘይቱን ወደ ኩለሩ የሚያወጣ ሳንድዊች ፕሌት፣ ከነቴርሞስታቱ (በሙቀት የሚከፈት ቫልቭ)፣ እንዲሁም ሽቦ የተሸረበበት ኤኤን-10 (የቱቦና የመጋጠሚያ ልክ) ቱቦ ነው። ቱርቦው (በጭስ ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ሆን ተብሎ ለኋላ ቀርቷል። ይህ ሞተር እንዳለ፣ ውድድር ሜዳ ላይ ጥቂት ዙር ጠንከር ተደርጎ ሲነዳ ዘይቱ ከ130 ዲግሪ ያልፋል። ቱርቦ ሲገባ ደግሞ የቱርቦውን ዘንግ የሚያለሰልሰው ዘይት እዚያው ግሎ ይመለሳል። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መጀመሪያ የሚበላውም የቢዬላ ብሮንዚኑ (ቢዬላው ኮሎው ላይ የሚዞርበት ስስ ቅርፊት) ነው።

አሁን ሜዳ ላይ 110 አካባቢ ይረጋል፤ ተራ መንገድ ላይ ከ90 እስከ 95። ሜዳ ላይ ያወረደው ኩለሩ ነው፤ መንገድ ላይ ከልክ በላይ እንዳይቀዘቅዝ የጠበቀው ግን ቴርሞስታቱ ነው። ዘይቱ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ኩለሩ ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። ቴርሞስታት የሌለው ርካሽ ፕሌት በብርድ ጊዜ ዘይቱን 60 እና 70 ላይ ያስቀረዋል፤ ያኔ ውስጡ የገባው ውሃና ቤንዚን ሳይተን ይከርማል።

ዋናው ጣጣ የታየው በመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ ነው። ፊልትሮው ሲፈታ የፕሌቱን የመሃል ቡሎን አብሮ አላላው። በብርዱ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ሞተሩ ሲግል ግን በፕሌቱና በብሎኩ መሃል ላብ የመሰለ ዘይት ብቅ ይላል። ስለዚህ ፊልትሮ በተፈታ ቁጥር ቡሎኑን አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) መፈተሽ ግድ ነው። አዲሱ ፊልትሮ ላስቲኩ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ብቻ ይጠበቅ።

ሁለተኛው ቱቦው ነው። የተሸረበ ሽቦ መጋዝ ማለት ነው፦ የኤሲውን አሉሚኒየም ቱቦ በነካበት ቦታ በሁለት ወር ውስጥ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ቆፍሯል። በላስቲክ ቱቦ አልብሶ ላስቲክ ባለው ፋሻ ማሰር ይበቃል። የኤኤን መጋጠሚያ ላይ የቴፍሎን ቴፕ አይጠቀለልም፤ የሚዘጋው በሾጣጣው ጫፍ እንጂ በጥርሱ አይደለም፤ ቁራጩ ዘይት መተላለፊያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ጦስ ነው። ሲጠበቅ አንድ ቁልፍ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል።

ሞተሩ ከፊልትሮ ጋር 5.4 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ኩለሩና ቱቦው እንደ ርዝመቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጨምራሉ። የዚህ ሞተር ፊልትሮ አፉ ወደ ታች ስለሆነ አስቀድሞ መሙላት አይቻልም። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ የግፊት መብራቱ እስኪጠፋ በአጭር በአጭሩ በሞተሪኖ ማዞር ይሻላል። መለኪያ ዘንጉ የሚታመነው ቴርሞስታቱ ከከፈተ፣ ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው።

ቦታው ከአሁኑ ይታሰብ። የራዲያተሩን ፊት መሃል የያዘ ኩለር ነገ ኢንተርኩለር (ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያበርደው) ሲመጣ ተነቃይ ነው። ከፎግ መብራቱ ጀርባ ወደ ጎን ማድረግና ከፊቱ የአየር ቦይ መሥራት ይበጃል፤ ቦይ ከሌለ ነፋሱ በቀለለው በኩል ዞሮ ያልፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ይሄ ቦይ ይበልጥ ያስፈልጋል። በቱርቦ ፈንታ እንደ ሮትሬክስ ያለ ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር የሚገፋ) ለሚያስብ ደግሞ፣ እሱ የራሱ ዘይትና የራሱ ትንሽ ኩለር አለው፤ ለዚያም ቦታ ይተው።