ቤቴን ማን ቆረጠው? ሲንክቲንግ ከ8 ወር በኋላ

ቤታችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። ሳሎን ያለው ዴስክቶፕና የእኔ ላፕቶፕ። ማይንክራፍት የሚባለውን፣ በብሎክ ዓለም የሚገነባበትን ጌም የሚጫወተው አብሮን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ሲተኛ ደግሞ እኔ። ጃቫ በሚባለው የማይንክራፍት እትም ዓለሙ የሚቀመጠው በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በዚያው አካውንት ብትገቡም ሌላው ኮምፒውተር ላይ አታገኙትም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ባዶ ዓለም ፊት ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት ልጅ ያለው ያውቀዋል።

መጀመሪያ በፍላሽ እናመላልስ ነበር። አንድ ቀን አሮጌውን በአዲሱ ላይ ገለበጥኩት። ያኔ ነው ሲንክቲንግን የጫንኩት፤ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ያለን ፎልደር ራሱ እያመሳሰለ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ፕሮግራም ነው።

ሲንክቲንግ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ፋይላችሁ የሚቀመጥበት መሀል ላይ ያለ ሰርቨር የለም፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ነው የሚላላኩት። አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ፋይሉ ከቤት አይወጣም፣ የኢንተርኔት ጥቅልም አይበላም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ የልጁ ዓለም 1 ጊጋ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አጫጫኑም አያስቸግርም። በብራውዘር ገጹን ትከፍታላችሁ፣ የአንዱን ኮምፒውተር ረጅም መለያ ለሌላው ትሰጣላችሁ፣ ፎልደር ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ራሱ ፕሮግራሙ በ8 ወር ውስጥ አንዴም አላስቸገረኝም። ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።

ስህተቴ ጌሙ ሴቭ የሚያደርግበትን ፎልደር እንዳለ መስጠቴ ነው። ማይንክራፍት ዓለሙን በአንድ ፋይል አያስቀምጥም። ቆራርጦ ነው፤ እያንዳንዱ የሪጅን ፋይል 512 በ512 ብሎክ ይይዛል። አንድ ማታ ልጁ ዴስክቶፑ ላይ አዲስ ቤት ሠርቶ ተኛ። እኔ ላፕቶፑን ዋይፋይ ሳላበራ ከፍቼ፣ ያልደረሰው አሮጌ ዓለም ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። ሲንክቲንግ ሁለቱም ጋ የተቀየረ ፋይል ሲያጋጥመው በኋላ የተቀየረውን ያስቀርና ሌላውን ስሙ ላይ «ሲንክ ኮንፍሊክት» ጨምሮ ጎኑ ያኖረዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ፋይል በፋይል ነው። ለደብዳቤና ለፎቶ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ግማሹ ዓለም የዴስክቶፑ፣ ግማሹ የላፕቶፑ ሆኖ አረፈው።

ጠዋት ተጠራሁ። «አጎቴ፣ ቤቴን ማን ቆረጠው?»

ቤቱ ለካ ልክ የሪጅን ድንበር ላይ ነው የተሠራው። በስተግራ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ መስኮቱ አለ። በስተቀኝ ሣር ብቻ፣ ሣሩ ላይ አንድ በግ። ድፎ ዳቦ በቢላ ለሁለት የተከፈለ ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ነው 40 መስመር የማትሞላ ባች ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች ያሉባት ትንሽ ፋይል የጻፍኩት። ጌሙ ሲዘጋ ዓለሙን በአንድ ዚፕ ትጠቀልላለች። ሲንክቲንግ የሚያየው የዚፖቹን ፎልደር ብቻ ነው። ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ዚፕ ትፈታለች። ዓለሙ ወይ ሙሉውን ይሄዳል ወይ አይሄድም፤ ግማሽ የሚባል ነገር ቀረ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሁለት ጊዜ አዋርዳኛለች።

አንደኛ፣ ስክሪፕቷ የምትጠብቀው ጌሙን የሚከፍተው ማስጀመሪያ ፕሮግራም እስኪዘጋ ነበር እንጂ ጌሙ እስኪዘጋ አልነበረም። ልጁ እየተጫወተ እሷ ትጠቀልላለች። አሁን የጃቫው ሂደት፣ ማለትም ራሱ ጌሙ፣ መቆሙን ሳታረጋግጥ ምንም አትነካም።

ሁለተኛው ያስቃል። የዴስክቶፑ ማዘርቦርድ ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቀጥለው፣ አልቆ ነበር። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጃንዋሪ 2018 ይመለስ ነበር። እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ 2018 ሳይ በእኛ አቆጣጠር አንብቤው ትክክል ነው ብዬ አለፍኩ! ስክሪፕቷ የምትመርጠው በቀን ስለነበር፣ የዛሬውን ዚፕ የዛሬ ስንት ዓመት ነው ብላ ትታ የላፕቶፑን አሮጌ ፈታች። የመጨረሻዎቹን 10 ዚፖች ስለማስቀር ዳንን። አሁን ፋይሎቹ በተራ ቁጥር ነው የሚሰየሙት። ያቺን ሳንቲም የምታክል ባትሪም ቀየርኳት።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ጌማችሁ በስቲም ክላውድ (ሴቩን ራሱ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ሌላው ኮምፒውተር ላይ በሚያመጣው) የሚሠራ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ አትድከሙ። ሌላው፣ ሲንክቲንግ ባክአፕ አይደለም። የቀድሞ ቅጂ እንዲያስቀር ካላዘዛችሁት አንዱ ላይ ያጠፋችሁትን ሌላውም ላይ ያጠፋዋል። ደግሞ ሁለቱም ማሽኖች በርተው ካልተገናኙ ምንም አይላክም። መብራት ጨዋታ መሀል ላይ ከጠፋ ያ ሰዓት ዴስክቶፑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ራውተሩም አብሮ ጠፍቷልና። ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም። በየሰዓቱ ጌሙን ዘግቶ መክፈት የሚል የቤት ደንብ ነው ያወጣነው።

ጥቅለላው ሲያልቅ ጽሑፉ አረንጓዴ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። አረንጓዴ ማለት ተጠቅልሏል እንጂ ላፕቶፑ ጋ ደርሷል ማለት እንዳልሆነ ለልጁ ነግሬዋለሁ። አሁን አረንጓዴውን ካየ በኋላም ላፕቶፑን ራሱ ከፍቶ ዚፑን ሳያይ ከወንበሩ አይነሳም።