ልጁ ጠፍታበት ካርታ ይጫወታል? ዊቸር 3 ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ጥቅምት መግቢያ ላይ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስገዛ ሻጩ መርቆ የሰጠኝ ዲስክ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ዊቸር 3»ን ከሁለት ተጨማሪ ክፍሎቹ ጋር አጠቃልሎ የያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው እትም ነው። ዋናው ጨዋታ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የወጣ፣ የፖላንዱ ጌም ሠሪ ኩባንያ የሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሥራ መሆኑን፣ ስለ ታሪኩና ስለ ውበቱም ብዙ የተባለለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከተጫወትኩት በኋላ ጥሩ ጌም ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ የምጨምረው እምብዛም የለኝም። ልመልሰው የምፈልገው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው። በዚህ ዓይነቱ የምናብ ዓለም ጌም ውስጥ፣ ተጫዋቹ ቢፈልግ የሚነካቸው ባይፈልግ የሚያልፋቸው ሚኒ ጌሞች ዋናውን ጌም ያሻሽሉታል ወይስ ያዳክሙታል?

ላልተጫወተ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ጌራልት የሚባል ጭራቅ እያደነ የሚኖር ሰው እንደ ልጁ ያሳደጋት ሲሪ የት እንደገባች ሳይታወቅ፣ ዋይልድ ሃንት የሚባሉ አስፈሪ ፈረሰኞች እያሳደዷት መሆኑን ይሰማና ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ፍለጋ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት አማራጭ ጨዋታዎች ተዘርግተዋል፤ የፈረስ ግልቢያ፣ የቡጢ ግጥሚያና ግዌንት የተባለ የካርታ ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 በወጡት በቀደሙት ሁለት ክፍሎች የነበረው የዳይስ ቁማር በዚህኛው ቀርቶ ቦታውን ግዌንት ወስዶታል።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ። በቀላል ባቡር አያት ደርሼ፣ ከዚያ ወደ አባዶ የሚያደርሰውን ታክሲ ተሰልፌ፣ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። እራት ተበልቶ ዕቃው እስኪታጠብ የሚቀረኝ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እርሱም መብራት ካልሄደ። ይህን የምጠቅሰው የግል ኑሮዬን ለማውራት ሳይሆን ሚኒ ጌም የሚባለው ነገር ጥቅሙ መጀመሪያ የገባኝ በዚህ በኩል ስለሆነ ነው። የዋናው ታሪክ አንድ ተልዕኮ ረጅም ንግግር አለው፣ ፍለጋ አለው፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ከባድ ውጊያ አለው፤ ደክሞት ለመጣ ሰው መሀል ላይ ጥሎት መነሣት ልብ አይሞላም። አንድ የግዌንት ግጥሚያ ግን በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል። እየተጫወቱ መሀል ላይ ሴቭ ማድረግ አይቻልም፤ ነገር ግን መብራት ቢሄድብኝ የማጣው ያንኑ አንድ ግጥሚያ ነው። ኅዳርንና ታኅሣሥን በዚህ ሁኔታ ስገፋ፣ ታሪኩን ለቅዳሜና እሑድ እያስቀመጥኩ በሥራ ቀን ካርታ ብቻ የምጫወት ሰው ሆኜ አገኘሁት ራሴን።

ስለ ጨዋታው ራሱ ትንሽ ልዘርዝር፤ ምክንያቱም ሚኒ ጌም ሁሉ እኩል አይደለም፣ የግዌንት ብልጫም ከሕጉ የሚመነጭ ነው። ሁለት ሠራዊት በሦስት ረድፍ ይሰለፋል፤ የቅርብ ተዋጊ፣ ከሩቅ ተኳሽና የከበባ መሣሪያ። ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ጨዋታውን ይወስዳል። ቁም ነገሩ ያለው መጀመሪያ ላይ አሥር ካርታ ይታደልህና ሁለቱን ብቻ የመቀየር መብት ተሰጥቶህ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስቱም ዙር የሚበቃህ ያው አሥሩ መሆኑ ላይ ነው፤ አዲስ ካርታ የሚመዘዘው በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ችሎታ ማሸነፍ ሳይሆን መቼ መሸነፍ እንዳለብህ ማወቅ ነው። አንዱን ዙር ለቀህለት ባላጋራህ እጁን ባዶ እንዲያደርግ ታደርጋለህ። ብርድ የሚያወርደው ካርታ የተራ የቅርብ ተዋጊዎችን ጉልበት ሁሉ ወደ 1 ያወርዳል፤ ነገር ግን የራስህንም ረድፍ አይምርም። ሰላይ የሚባለው ካርታ ደግሞ በባላጋራህ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነጥብ ይጨምርለታል፣ በምትኩ አንተ ሁለት ካርታ ትመዛለህ።

ይህን የሰላይ ካርታ ነገር ያለ ማብራሪያ የተረዱት ከብሎካችን ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጡ ወጥተው ከኋላዬ ተቀምጠው ሲመለከቱ፣ «እንዴ፣ ይሄማ አብልቶ መብላት ነው» አሉ። እሳቸው በብሎኩ መግቢያ ላይ በካርቶን በተሰመረ ገበታ፣ በቢራና በለስላሳ ቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ አንድ ቆርኪ አስበልተው ሁለት ሲበሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ታሪኩ ጠየቁኝ። የጠፋችው ልጅ ጉዳይ፣ የሚያሳድዷት ፈረሰኞች፣ አባት የሆናት ሰው መንከራተት፣ ሁሉንም በአጭሩ ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ስክሪኑን ለአፍታ ተመለከቱና፣ «ታዲያ ልጁ ጠፍታበት ካርታ ይጫወታል?» አሉኝ።

የተናገሩት ሳቅ ይመስላል እንጂ፣ እኔ ካነበብኳቸው ትችቶች ሁሉ የጠነከረው ይህ ነው። እኛ ዘንድ እንኳን ልጅ የጠፋበት ሰው፣ ዘመድ ሆስፒታል የተኛበት ሰው እንኳ ካርታ ይዞ ቢታይ መንደሩ ያወራበታል። ጌሙ በንግግሩ ሁሉ ጊዜ የለም እያለ፣ በአሠራሩ ግን ጊዜ እንደ ልብ ነው ይላል፤ ጌራልት ሦስት ወር ቢቀመጥ ሲሪን የሚደርስባት ነገር የለም። ሚኒ ጌሙ ይህን ቅራኔ አልፈጠረውም፤ ሌሎች የጎን ተልዕኮዎችም ያው ናቸው። ነገር ግን ያጋልጠዋል። የጎን ተልዕኮ ቢያንስ የተቸገረ ሰው መርዳት ነው፤ ካርታ ግን ካርታ ነው።

ለጎረቤቴ ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግማሽ መልስ አለኝ። ጌራልት መጤ ነው፤ በየመንደሩ ሰው የሚፈልገው ጭራቅ ሲመጣበት ብቻ ነው፣ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ይጸየፈዋል። ከአንጥረኛው፣ ከመድኃኒት ቀማሚዋና ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጋር የሚያገናኘው መሸጥና መግዛት ብቻ ነበር። ካርታው ሲመጣ ግን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በቬለን ምድር ባሮን እየተባለ የሚጠራው ሰው፣ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው እጅግ ከባድ በደል በጫንቃው ላይ ያለ ሰው ነው፤ ከእርሱም ጋር ግዌንት መጫወት ይቻላል። እኔ ከእርሱ ጋር የተጫወትኩት ስለ ቤተሰቡ የሠራውን ካወቅኩ በኋላ ነበር፤ ከምጠላው ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የተሰማኝ እዚያ ነው፤ በንግግር ምርጫ ብቻ ቢሆን አይሰማኝም ነበር። ደግሞም ሁሉም እንዲህ ነው ብል ውሸት ይሆናል። አብዛኞቹ ነጋዴዎች ተሸንፈውም አሸንፈውም በማግስቱ ያው ሰላምታቸውን ነው የሚሰጡት፤ ትናንት ካርታውን የቀማኸው ሰው ዛሬ ቅር እንኳ አይለውም።

በዚህ በኩል ከሁሉ የወደድኩት በ2016 የወጣው ሁለተኛው ተጨማሪ ክፍል ያደረገውን ነው። የስኬሊጌ ደሴቶችን የሚወክል አዲስ የካርታ ስብስብ ሲገባ፣ በቱሳን አገር ያሉ ሰዎች ስብስቡ ጨዋታውን ያረክሳል ብለው ይቃወማሉ፣ ጠብም ይነሣል። ብሎካችን በር ላይ አንድ ሰው አዲስ የዳማ ሕግ ይዞ ቢመጣ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ስለማውቅ ሳቄ መጣ። የዓለሙ ሰዎች የሚጣሉበት ጨዋታ ከሆነ በእርግጥ የዚያ ዓለም ነው።

አሁን ወደ ክፉው ወር ልምጣ። ጌሙ ከመጀመሪያው አንሥቶ የካርታውን ስብስብ አሟላ የሚል ተልዕኮ በመዝገብህ ላይ ያስቀምጥልሃል። ተልዕኮው ከሌሎቹ ጋር አብሮ ስለሚታይ፣ አማራጭ የተባለው ነገር ሳይታወቅ ዕዳ ይሆናል። የካቲትን በሙሉና የመጋቢትን ግማሽ ያሳለፍኩት ከነጋዴ ወደ ነጋዴ በመሮጥ ነበር፤ የሚሉትን ሳልሰማ፣ ቁልፉን እየተጫንኩ ንግግራቸውን እየዘለልኩ። አንዳንዱ ካርታ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ በሚደረግ ዝግጅት ላይ ነው፤ በኖቪግራድ ከተማ አቅራቢያ ባለው የጭምብል ግብዣ ላይ ሳይጫወት የወጣ ሰው ወደዚያ ግብዣ አይመለስም። ይህን ያወቅኩት ግብዣው ላይ ከጌራልት ወዳጅ ከጠንቋይዋ ትሪስ ጋር ስንጓዝ፣ በጣም የሚያምር የታሪክ ክፍል እየተከናወነ ሳለ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የካርታ ተጫዋቾቹን ጠረጴዛ ይፈልግ ነበር። በኖቪግራድ ውስጥ ፓሲፍሎራ በተባለ ቤት የሚደረገው ውድድር ደግሞ መግቢያው 1,000 ክራውን (የጌሙ ገንዘብ) ነው፣ አንዴ ከተሸነፍክ ውድድሩ አበቃ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ሴቭ አድርጌ ስሸነፍ ወደ ኋላ እመለስ ጀመር። ቅድም ስለ መሸነፍ ጥበብ የጻፍኩት ሁሉ በዚህ ፈረሰ፤ ሽንፈት የማይቆጠርበት ካርታ ምን ጨዋታ አለው? የጎደለህን ካርታ የሚጠቁም መጽሐፍ በኋላ በአፕዴት መጨመሩ ድካሙን ቢቀንስም፣ ነገሩን ይበልጥ የመጋዘን ቆጠራ አስመስሎታል።

ይህን ከሌሎች ጌሞች ጋር ሳነጻጽር ግን ግዌንት ጨዋነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ፋይናል ፋንታሲ 10ን በአጎቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ተጫውቼዋለሁ፤ ሉሉ የምትባለው ገጸ ባሕርይ የመጨረሻ መሣሪያዋ ሙሉ ኃይሉን እንዲያወጣ ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱን ለማግኘት መብረቅ በተከታታይ 200 ጊዜ መሸሽ ግድ ነበር። 180 ላይ ብትስት ከዜሮ ትጀምራለህ። ያንን ጨዋታ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ ከእኔ የተለየ ትዕግሥት አለው። በ1999 የወጣው ስምንተኛው ክፍል ደግሞ ትሪፕል ትሪያድ የሚባል ግሩም የካርታ ጨዋታ ነበረው፤ ነገር ግን ያሸነፍካቸውን ካርዶች ወደ ዕቃ እየለወጡ ገና በጠዋቱ ከመጠን በላይ መጠንከር ስለሚቻል፣ ጎበዝ ካርታ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ያሉትን ውጊያዎች ጣዕም ያጣል። በሁለቱም ዘንድ ሚኒ ጌሙ እጁን ወደ ዋናው ጌም አስረዝሟል፤ በአንደኛው ግዴታ ሆኖ፣ በሁለተኛው አቋራጭ ሆኖ። የግዌንት ሽልማት ግን በአብዛኛው ካርታና ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ሰይፍህን አይስልም፣ ያልተጫወተም ሰው ከጭራቅ ፊት በዚህ ምክንያት አይወድቅም። አማራጭ ማለት እንዲህ ነው፤ ዕዳውን ያመጣው ሽልማቱ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው።

ስለ ቡጢውና ስለ ፈረሱ ብዙ የምለው የለኝም። ቡጢው ለመልስ የሚሆን ቅጽበት ጠብቆ መምታት ነው፤ ሦስቱን ካሸነፍክ ሁሉንም አሸንፈሃል። ግልቢያው የፈረሷን ትንፋሽ መቆጠብ ብቻ ይጠይቃል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ግን የጌራልት ፈረስ ሮች አጥር ፊት ቀጥ ብላ ስትቆም ንዴት ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ባይኖሩ ኖሮ ጌሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር።

ገዝቶ ሊጫወት ላሰበ ሰው ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጠቁም። በማስተካከያው ውስጥ የግዌንት ክብደት ከውጊያው ክብደት ተለይቶ ይቀመጣል፤ እኔ ውጊያውን መካከለኛ፣ ካርታውን ከባድ አድርጌ ሳየው ይበልጥ ጣፈጠኝ። ሁለተኛ፣ ተጨማሪ ክፍሎቹ ዲስኩ ላይ ስላሉ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል፤ አፕዴቱን ግን እኔ በሞባይል ዳታ ሳይሆን ዋይፋይ ካለው ጓደኛዬ ቤት ሳሪስ ድረስ መሣሪያውን በቦርሳ ተሸክሜ ሄጄ ነው ያወረድኩት።

ዋናውን ታሪክ የጨረስኩት በግንቦት አጋማሽ ነው። ካለቀም በኋላ ዓለሙ ክፍት ስለሚሆን መዞር ይቻላል፤ ከስብስቡ ሦስት ካርታ ይጎድለኛል፣ ሁለቱ የት እንዳሉም አውቃለሁ። የማሟላቱን ተልዕኮ ከዓይኔ አንሥቼዋለሁ፤ ማታ ማታ ግን የኖቪግራድ መጠጥ ቤት ገብቼ፣ ሴቭ ሳላደርግ፣ አንድ ግጥሚያ ተጫውቼ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኙኝና ልጅቷ እንደምን ሆነች አሉኝ። ተገኘች አልኳቸው።

«እሰይ! ታዲያ አሁን ምን ቀረህ?»

«ካርታ ነው እንጂ ጋሼ፣ ሌላማ ምን አለ።»

«እንግዲያማ አሁን ተጫወት» ብለው ወደ ዳማቸው ወረዱ።