ሰላሌን ያሳየን ሹፌር፤ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ዘግይቻለሁ። እማዬ በየማታው «ለልጁ ጻፍሽለት ወይ?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የሰነበተችው። ይኸው እማዬ፣ ጻፍኩለት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ስምንት ሆነን ደብረ ሊባኖስና ፍቼ ደርሰን መጣን። እማዬ የተክልዬ ስለት ነበረባት። ወንድሜ ገደል ካየ ካሜራውን አያስቀምጥም። እኔ ከከተማ ወጣ ብዬ አየር መቀየር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሦስታችንንም በአንድ ቀን፣ ያውም ማንንም ሳያዋክብ ያስደሰተን የዶልፊኑ ሹፌር ነው።

ለአንድ ሹፌር ይህን ያህል ምን አስጻፈሽ የምትሉ ካላችሁ፣ አምና የደረሰብንን ልንገራችሁ። ሌላ መኪና ይዘን እዚያው ሄደን ነበር። ሰውዬው ገና ከመኪና ሳንወርድ «አንድ ሰዓት አላችሁ» አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ወደ ዋሻው የሚወስደውን ዳገት ግማሹን እንደወጣች ስልክ መደወል ጀመረ። ዋሻውን ሳታይ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ «ደጁ ደርሼ ተመለስኩ» ስትል ነው የከረመችው።

የዘንድሮው ጠዋት 12 ሰዓት ብለነው ከሩብ ጉዳይ በር ላይ ቆሟል። ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ያያል። በአዲሱ ገበያ ወጥተን፣ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ። ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግራና ቀኙ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ፈረሶች በየመስኩ ይግጣሉ።

የሰላሌ ነገር እንዲህ ነው፦ ሜዳ ለሜዳ ስትሄዱ ገደል በአካባቢው ያለ አይመስላችሁም። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከፊታችሁ ሌላ አገር ነው። ከታች ሸለቆ፣ ከማዶ እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል፣ በመካከሉ ጉም። ሹፌራችን ይህን ቦታ አልነገረንም። መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋና «እስቲ ውረዱ» ብቻ አለ። ወንድሜ ሩብ ሰዓት ሙሉ አልተናገረም። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሹፌሩ በጣቱ እያሳየ፣ ውሃው ወደ ዘጋ ወደም፣ ከዚያ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ደግሞ ወደ አባይ እንደሚገባ አስረዳን። የትውልድ አገሩ ስለሆነ ወንዙን እንደ ዘመድ ነው የሚቆጥረው፤ የማን ልጅ፣ ወዴት እንዳገባ።

ገዳሙ ስንደርስ መኪናውን ቆለፈና ለእማዬ ክንዱን ሰጣት። «እማማ፣ እኔን ይያዙኝ። ቀኑ የእኛ ነው፤ የሚያስቸኩለን የለም።» ዳገቱ ላይ የምታርፍበትን ድንጋይ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ጋ ሲደርሱ ነጠላውን አጥፎ ያነጥፍላታል፣ ትቀመጣለች፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ይነሳሉ። አምስት ጊዜ አርፋ ዋሻው ደረሰች። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው የጸለዩበት ዋሻ ነው፤ ከዓለቱ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ጠበል ነው። እማዬ ጠበሉን ተቀብላ ስትወጣ አልቅሳ ነበር። እሱ ዞር ብሎ ገደሉን ያይ ነበር።

ሌላው የወደድኩለት ነገር፣ «ነው» እና «ይባላል» ለየቅል ናቸው። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፣ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ይህን ረግጦ ይናገራል። አሁን የምናየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው፤ የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ፀሐይ ስትገባበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይወርዳል። የእህቴ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ቀዩን በጫማዋ ልትረግጥ ስትሞክር አንድ መነኩሴ አይተው ፈገግ አሉ።

ስለ 1929 ዓ.ም. ግን ያወራን ከገዳሙ ከወጣን በኋላ ነው። ሬዲዮኑን ዘጋ። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያን ገዳሙን ተጠያቂ አደረገ። በግንቦት፣ ምእመኑ ለተክልዬ በዓል በተሰበሰበበት ሰሞን፣ መነኮሳቱን በካሚዮን ጭነው ላጋ ወልዴ ወስደው ረሸኗቸው። ጣልያኖቹ ራሳቸው የመዘገቡት ወደ 450 ነው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ያደርሱታል። ሹፌሩ ይህን ያለ ምንም ማሳመሪያ ነገረን። ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ ማንም አላወራም።

ድልድዩ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ በእግር ትንሽ ወረድ ማለት ነው። ሁሉም ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። «ስሙ የፖርቹጋል ነው እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው» አለን። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የምኒልክ አጎት፣ የሰላሌ ገዥ ነበሩ። «ኖራው በሰጎን እንቁላል ተለውሷል ይባላል» ሲል ግን ሳቅ አለ። በዝናብ ማግስት ስለነበር ውሃው ከድልድዩ ሥር አልፎ ቁልቁል ሲወረወር ድምፁ ደረት ይመታል። ድንጋዩም አዳልጧል። ልጅቷን አዝሎ ያሻገራት እሱ ነው።

ጭላዳዎቹን ያየነው እዚያ ነው። መቶ ቢሆኑ ነው፤ ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ወንዶቹ እንደ አንበሳ ጋማ አላቸው፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ልብ የመሰለ ነገር። የእህቴ ልጅ ዳቦዋን ልታካፍላቸው ስትዘረጋ ሹፌሩ እጇን ቀስ አድርጎ መለሰ። «የእኔ እናት፣ ዳቦ ከለመዱ ነገ ከሰው እጅ ይቀማሉ» አላት። ዳቦውን ራሷ በላችው።

ምሳ ፍቼ በላን። ጥብስ፣ ከዚያ የሰላሌ እርጎ። ስለ እርጎው ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ልተወው። ፍቼ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታስረው የኖሩባት ከተማ ናት፤ በ1924 ዓ.ም. ያመለጡትም ከዚሁ ነው። የራስ ካሣን ሁለት ልጆች፣ አበራንና አስፋ ወሰንን፣ ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ የገደላቸውም እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕቅዳችን ከፍቼ በኋላ በጎሐ ጽዮን አድርገን የአባይን በረሃ ቁልቁል ለማየት ነበር። ወንድሜ ለዚህ ሲል ነው የመጣው። ሹፌሩ ምሳ ሳይጨርስ ተነስቶ ለሁለት ለሦስት ሰው ደወለ። ተመልሶ «ወንድሜ፣ ዛሬ አንወርድም። መንገዱን ጠይቄ ልቤ አልወደደውም» አለ። ወንድሜ ተከራከረ። ትንሽ ጨመር እናድርግልህ እስከማለት ደረሰ። «ገንዘቡ አይደለም፤ እማማን ይዤ ነው ያለሁት» አለው፤ አበቃ። ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ያልሄድንበትን መንገድ ከራሱ ቀንሶ መለሰልን። እኛ አልጠየቅነውም።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ወሬ ይወዳል፤ እንቅልፍ ያማራችሁ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናው አሮጌ ነው፣ የኋላው መስኮት አንደኛው አይከፈትም። መዝሙሩንም ዝቅ አድርግልን ማለት አለባችሁ። ፍሬኑን ግን አይቻለሁ፤ ከገዳሙ ዳገት ስንወጣም ስንወርድም አንዴ እንኳ አላስደነገጠንም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ እንዳታደርጊው ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ንገሩት። ጧት በጊዜ ውጡ፣ ነጠላ ያዙ፣ ለድልድዩ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። መንገዱንም እሱ እስኪያጣራ ታገሡ።

እማዬ ከዘራዋን መኪናው ውስጥ ረስታው ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ፤ ከዘራውን ይዞ መጥቷል። ሥሩ አልቆ ስለነበር አዲስ ጎማ አስገብቶበታል። ቡና ጠጥቶ ሊሄድ ሲል እማዬ ለታኅሣሥ 24 ቀጠረችው። ሦስት ወንበር ክፍት አለ።